«ዩ-ተርን» ሲባል



በዚህ ገጽ በየእትሙ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን እንቀርባለን። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ኪታቡን በአማርኛም በኦሮምኛም በዐረብኛም ብንቀራ፣ ሚድና ፋይናል የሚመጣብን በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ግን የያዝነው አንድ ቃል ሳይሆን አንድ የቃላት ቤተሰብ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ መንግሥት ትናንት ከቆመበት ወደ ፍጹም ተቃራኒው ሲዞር እንግሊዝኛ ምን ይለዋል? ጥያቄው ከመዝገበ ቃላት አልመጣብንም፤ ከየት እንደመጣ ወረድ ብለን እንናገራለን። በቅድሚያ ቃላቱን እንያቸው።

አንደኛው «ቮልት-ፋስ» ነው። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከጣሊያንኛ፤ የጣሊያንኛው ትርጉም ፊትን ማዞር ነው። መጨረሻውን እንደ እንግሊዝኛው «ፌስ» አድርጎ የሚያነብ ብዙ ሰው አለ፤ «ፋስ» ነው። የመጽሐፍና የጋዜጣ ቃል ስለሆነ በንግግር ብዙም አትሰሙትም፣ በንባብ ፈተና ላይ ግን ድንገት ይመጣል። ሁለተኛው «አባውት-ፌስ» የወታደር ትእዛዝ ነው፤ እንግሊዞቹ «አባውት-ተርን» ይሉታል። የእኛው «ወደ ኋላ ዙር!» ማለት ነው። የአሜሪካ ወታደር ይህን ትእዛዝ ሲሰማ የቀኝ እግሩን ጫፍ ከግራ ተረከዙ በስተኋላ አሳርፎ፣ በግራ ተረከዙ ላይ ግማሽ ክብ ይዞራል። ተረከዙን አስታውሱልን፣ እንመለስበታለን። ሦስተኛው የምናውቀው «ዩ-ተርን» ነው። ስሙን ያገኘው ከፊደሉ ቅርጽ ሲሆን ቦታው መንገድ ነው። የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ የነዳ ሰው ምን ማለት እንደሆነ በእግሩም በነዳጁም ያውቀዋል፤ የሚሄድበት ቤት ከመንገዱ ማዶ እየታየው ማዞሪያ እስኪያገኝ ድረስ ርቆ መሄድ አለበት።

ስለ አጠቃቀማቸው ጥቂት እንበል። ሦስቱም ስም ሆነው ያገለግላሉ። «ዩ-ተርን»ን «ሜክ» ወይም «ዱ» ከሚሉት ግሦች ጋር ታያይዙታላችሁ፤ ርዕሰ ጉዳዩን ለመጨመር «ኦን» የምትለዋ መስተዋድድ ትከተላለች። በዲግሪ መናገር ከፈለጋችሁ ቁጥሩ 180 ነው። «ሰውየው 360 ዲግሪ ተቀየረ» የሚለውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንሰማለን፤ 360 የዞረ ሰው ግን በፊት ወደነበረበት አቅጣጫ እያየ ነው። (አንዳንድ ሰው ላይ እንዲያውም እውነት የሆነው ይኸኛው ነው፤ ያ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አሁን ወደ ቃላቱ ጠባይ እንምጣ። በመዝገበ ቃላት ላይ ንጹሕ ናቸው፤ መዞር ማለት ናቸው፣ ሌላ ክስ የለባቸውም። በአጠቃቀም ግን ዘወትር ክስ አለባቸው። በእንግሊዝ ፖለቲካ «ዩ-ተርን» የስድብ ያህል የሆነው በ1972 እ.ኤ.አ. የኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት በኢኮኖሚ ፖሊሲው ላይ ከገባው ቃል ሲመለስ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1980 እ.ኤ.አ.፣ ማርጋሬት ታቸር በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ቆመው፣ መዞር የሚፈልግ ይዙር እኔ ግን አልዞርም የሚል መልእክት ያለው ንግግር ሲያደርጉ አዳራሹ አጨበጨበ። የተጨበጨበው ለፖሊሲው ብቻ አልነበረም፤ ላለመዞሩም ጭምር ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ በ2004ቱ ምርጫ ጆን ኬሪን በ«ፍሊፕ-ፍሎፕ» ከሰሷቸው። ቃሉ በአንድ በኩል ሐሳብን መገላበጥ ማለት ነው፣ በሌላ በኩል እኛ ነጠላ ጫማ የምንለው ነው፤ የተቃዋሚው ፓርቲ ጉባኤተኞች ነጠላ ጫማ እያውለበለቡ ሳቁባቸው።

እውነት ነው፣ ክሱ የሚገባቸው መዞሮች አሉ። የታሪክ ኮርስ የወሰዳችሁ የእኛን ቀጠና ታስታውሳላችሁ። ሶቭየት ኅብረት ከሶማሊያ ጋር በ1974 እ.ኤ.አ. የወዳጅነት ውል ተፈራርማ ታስታጥቃት ነበር፤ ኢትዮጵያን የምታስታጥቀው አሜሪካ ነበረች። በ1977 ግን ሁሉም ቦታ ተለዋወጠ። ደርግ በሚያዝያ ወር አሥመራ የነበረውን የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ዘጋ፣ ሶቭየቶች ወደ አዲስ አበባ ዞሩ፣ ሶማሊያም በኅዳር ወር ውሉን ቀድዳ አማካሪዎቻቸውን አባረረች። በጥቂት ወራት ውስጥ የትናንቱ ወዳጅ ጠላት፣ የትናንቱ ጠላት ወዳጅ ሆነ። እንዲህ ያለውን «ቮልት-ፋስ» ብሎ የሚጽፍ የታሪክ ምሁር ቃሉን በትክክለኛ ቦታው ተጠቅሞበታል። ከእነዚህ ወገኖች አንዱም ስለ እውነት ብሎ አልዞረም፤ ያዞራቸው ጥቅም ነበር።

ችግሩ ይህ ቃል ለመንግሥታት ተሰፍቶ ለሰው ሲለበስ ነው። ወደ ጥያቄው መነሻ የመጣነው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ከዐስር ሶላት በኋላ ጀማዓችን በመስጂዱ ግቢ ተሰብስቦ ስለ ፍሬሽ ተማሪዎች ቱቶሪያል ሲወያይ፣ አንድ ሲኒየር ወንድማችን እጁን አወጣና የሒሳቡን ቱቶሪያል እህቶች ይምሩት የሚል ሐሳብ አቀረበ። በአካሄዱ ከመጋረጃም ሆነ ከአቀማመጥ ጋር የተያያዘውን ሁሉ አስቦበት ነበር የመጣው። ስብሰባው ጸጥ አለ። ምክንያቱም ዓምና በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወቅት፣ ይኸው ሐሳብ በሌላ ሰው ሲቀርብ ከሁሉ በላይ አጥብቆ የተቃወመው እሱ ራሱ ነበር። ያኔ ያቀረባቸውን ማስረጃዎች እስካሁን የምናስታውስ አለን፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነበር። ጸጥታው መሐል ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ «ዩ-ተርን!» አለ። ሳቅ ሆነ። እሱም ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ሐሳቡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተባለና አለፈ። በሚቀጥለው ስብሰባ እሱ አልነበረም። ከዚያ ቀጥሎ በነበረውም አልመጣም።

የዚህ ገጽ አዘጋጆች አምስት ነን፣ ሦስት ወንድሞችና ሁለት እህቶች። ነገሩ ከቱቶሪያሉ በላይ አሳሰበን። አንድ ወንድም ማጣት ራሱ ከባድ ነው። ከዚያ ባሻገር ግን ያን ሳቅ የሰሙ ሰማንያ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ፤ ግማሾቹ ፍሬሽ ናቸው። እዚያ ቀን የተማሩት ነገር ቢኖር፣ አንዴ የያዝከውን ሐሳብ በዚህ ጀማዓ ፊት መቀየር እንደሚያስቅ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ይቀይራል?

እንግሊዝኛውን ብቻ ለመውቀስ ግን አንቸኩል። የራሳችን አማርኛም በዚህ በኩል ጨካኝ ነው። ሐሳቡን የቀየረ ሰው «ተገለባበጠ»፣ «ቃሉን አጠፈ»፣ ሲብስም «እስስት» ይባላል። አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እስከማለት ሄደዋል። ቃል ኪዳንን ለመጠበቅ ከተባለ ታላቅ ነገር ነው፤ ዲናችንም ቃልን መሙላት ያዘናል። ነገር ግን ቃል ኪዳንና አስተያየት አንድ አይደሉም። ወንድማችን ዓምና ለማንም ቃል አልገባም፤ ትክክል የመሰለውን ተናገረ። ለሁለቱ አንድ ስም ስንሰጥ፣ አስተያየቱን ያሻሻለ ሰው ቃል እንደበላ ሰው ይቆጠራል። ያው አማርኛ ግን ሌሎች ቃላትም አሉት፤ «ተመለሰ» ይላል፣ «ልብ ገዛ» ይላል። ተውበት የምንለውም ከዐረብኛ ሥሩ ስንነሳ መመለስ ማለት ነው። ማንም ተውበት ያደረገን ሰው «ዩ-ተርን!» ብሎ አይስቅበትም፤ «አልሐምዱሊላህ» ይለዋል እንጂ። መዞሩ ግን ያው መዞር ነው።

ስንወያይ አንዷ እህታችን፣ በኢስላም ታሪክ ውስጥ ትልቁና በዓይን የታየው መዞር የቂብላው መዞር እንደሆነ አስታወሰችን። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልንም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ለ16 ወይም ለ17 ወራት ወደ በይቱል መቅዲስ ዞረው ይሰግዱ እንደነበር፣ ከዚያም ወደ ካዕባ እንዲዞሩ እንደታዘዙ አል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል፤ ሐዲሱ ቡኻሪ ውስጥ አለ። ትእዛዙ የደረሳቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ሶላት ላይ ነበሩ። ሶላታቸውን አቋርጠው፣ ተመካክረው፣ ኮሚቴ አቋቁመው አልነበረም የዞሩት፤ እዚያው ሩኩዕ ላይ እንዳሉ ዞሩ።

ከመካከላችን አንዱ ሰርቬይንግ ይማራል። ካርታ አውጥቶ ለካው። በይቱል መቅዲስ ከመዲና ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ መካ ደግሞ ወደ ደቡብ ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው መዞር 155 ዲግሪ ገደማ መጣ። ሙሉው 180 አይደለም፤ ነገር ግን ሰልፍ ለመገልበጥ ከበቂ በላይ ነው። እስቲ በዓይነ ልቡናችሁ ሳሉት። ኢማሙ ከፊት ነበር፤ ሁሉም ሲዞር ኢማሙ ከኋላ ቀረ፣ ስለዚህ ተራምዶ ወደ ሌላኛው ጫፍ መሻገር አለበት። ዘግይቶ መጥቶ የመጨረሻው ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው አንደኛ ሰልፍ ላይ ራሱን አገኘ። ኢብኑ ከሢር በተፍሲራቸው ከጠቀሷቸው ዘገባዎች አንዱ እንደሚለው፣ በበኒ ሓሪሣ መስጂድ የሶላቱ ግማሽ ከተሰገደ በኋላ ዜናው ሲደርስ ሴቶች በወንዶች ቦታ፣ ወንዶች በሴቶች ቦታ ተተክተው ቀሪውን ሁለት ረከዓ ሰገዱ። ይህን ያወራችው እዚያ ሶላት ውስጥ የነበረች ሴት ናት።

ሰርቬየራችን መለካቱን አላቆመም። «ሐበሻ የነበሩትስ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና አብረዋቸው የተሰደዱት (ረ.ዐ.) ቂብላው ሲዞር ገና እዚህ በነጃሺ አገር ነበሩ፤ ወደ መዲና የሄዱት በኸይበር ዘመን፣ በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው። ከአክሱም ተነስቶ ለካ። በይቱል መቅዲስም መካም ከእኛ ወደ ሰሜን ናቸው፤ አንደኛው ትንሽ ወደ ግራ፣ ሌላኛው ትንሽ ወደ ቀኝ። ልዩነቱ 20 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። መዲና ላይ ሰልፍ የገለበጠው ያው ትእዛዝ፣ አክሱም ላይ የቆመን ሰው ትከሻውን ትንሽ ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል ብቻ ይጠይቀዋል።

ዝም ብለን ቀረን። ቂብላው አንድ ነው፣ ትእዛዙም አንድ ነው። የመዞሩን መጠን የወሰነው ሰውየው ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው አንዱን «ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ»፣ ሌላውን «ብዙም አልተለወጠም» ይለዋል፤ ሁለቱም ግን አሁን የሚያዩት ወደ አንድ ቤት ነው። «ዩ-ተርን» የሚለው ቃል የሚለካው የዞረውን ዲግሪ ብቻ ነው። ከየት ቆሞ እንደዞረ አይናገርም፤ ወደምን እንደዞረም አይናገርም።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። እናቱ አስተማሪ በሆነችበት ቤት ላደገ ልጅ «እህቶች ያስተምሩ» ማለት የአክሱሙን ያህል ነው፤ አንገት ማዘንበል ይበቃዋል። ወንድማችን ግን መዲና ላይ ነበር የቆመው። ዓምና ባቀረበው ማስረጃ ፊት፣ አብረውት በተቃወሙ ጓደኞቹ ፊት፣ ያንን ሁሉ ሰልፍ አቋርጦ ነው ወደ ሌላኛው ጫፍ የተራመደው። ከእሱ መዞር በላይ የከበደ አልነበረም፤ የተሳቀበት ግን እሱ ብቻ ነው።

ዐረብኛው በዚህ ላይ እንግሊዝኛው የሌለው ነገር አለው። ሱረቱል በቀራ ላይ ከ142ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለውን ብታዩ፣ ወደ ቂብላ ፊትን ማዞርና በተረከዝ ላይ መገልበጥ በሁለት የተለያዩ ቃላት ተነግረዋል። የመጀመሪያው መልእክተኛውን የተከተለ ሰው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ኋላው የተመለሰ ሰው። የወታደሩን ተረከዝ አስታውሱ ያልናችሁ ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ዞረዋል፣ ሁለቱም በሌላ አቅጣጫ ቆመዋል። ፈተናው ማን ቆሞ ቀረ ማን ዞረ አልነበረም። እንዲያውም ያኔ ሳይዞር የቀረ ሰው ቢኖር የሚወደሰው «ጽኑ» ተብሎ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ሰሓባዎች ወደ በይቱል መቅዲስ እየሰገዱ ስለሞቱ ወንድሞቻቸው ተጨንቀው ነበር፤ ያ ሁሉ ሶላት ከንቱ ሆነ ወይ ብለው። እዚያው አንቀጽ ላይ የመጣላቸው መልስ ያ እምነታቸው እንደማይጠፋ የሚያረጋግጥ ነበር። አዲሱ ቂብላ አሮጌውን ሶላት አላበላሸም።

በፍርድ ላይም ይህንኑ እናገኛለን፤ ውርስን ለምትቀሩ ከተመቻችሁ ጉዳዮች አንዱ ነው። አንዲት ሴት ትሞታለች። ባል አላት፣ እናት አላት፣ በእናት ብቻ የሚገናኟት ሁለት ወንድሞች አሏት፣ በእናትም በአባትም የሚገናኟት ወንድሞችም አሏት። ባል ግማሽ፣ እናት አንድ ስድስተኛ፣ የእናት ልጆች አንድ ሦስተኛ። ደምሩት፣ አንድ ሞላ። የእናትና የአባት ልጆች የሚወስዱት ከተረፈ ስለሆነ ምንም አልደረሳቸውም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) መጀመሪያ እንዲህ ፈረዱ። በኋላ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲቀርብ ባለጉዳዮቹ፣ እሺ አባታችን አህያ ነበር እንበል፣ እናታችንስ አንድ አይደለችም ወይ የሚል ክርክር አመጡ ይባላል፤ ጉዳዩ እስከዛሬ «የአህያዋ መስአላ» የሚባለው በዚህ ነው። ዑመር በአንድ ሦስተኛው ላይ ሁሉንም እኩል አጋሯቸው። «ከዚህ በፊት እንዲህ አልፈረዱም ነበር» ሲባሉ የመለሱት፣ ያ በጊዜው የፈረድነው ነው፣ ይህ ደግሞ ዛሬ የምንፈርደው ነው የሚል ነበር። የቀድሞውን አልሻሩም፣ በአሁኑም አላፈሩም። በሻፊዒይ ፊቅህ የቀራን ልጆች የኋለኛውን ፍርድ ነው የያዝነው፤ የሐነፊይ መዝሀብ ልጆች ደግሞ እንደ ፊተኛው ናቸው። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም ማለት ነው፤ ዑመርን ግን አንድም ወገን «ተገለባበጡ» አላላቸውም።

ኢማም ሻፊዒይም (ረሒመሁላህ) ራሳቸው በዒራቅ ሳሉ የያዟቸውን ብዙ አስተያየቶች ግብፅ ከገቡ በኋላ ቀይረዋል። ዑለማኡ ይህን አልደበቁትም፤ «ቀዲም» እና «ጀዲድ» ብለው ስም ሰጥተው እያነጻጸሩ ያስተምሩታል። ከቅርቡ ዘመን ማልኮም ኤክስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለዓመታት ነጮችን ሁሉ በጅምላ ሰይጣን ሲል ኖሮ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ሐጅ አድርጎ ሲመለስ ያንን በአደባባይ ተወ። ለጥቁሮች መብት መታገሉን ግን አልተወም። የዞረበትና ያልዞረበት ነገር ለየቅል ናቸው፤ በደንብ ያላየ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፈዋል።

ማንም በሚዞር ቁጥር እናጨብጭብ እያልን አይደለም። ሥልጣን ሲቀየር አብሮ የሚቀየር፣ ሰኞ ካሸነፈው ጋር ሰኞ፣ ማክሰኞ ካሸነፈው ጋር ማክሰኞ የሚቆም ሰው አለ፤ ለእሱ «እስስት» አያንስበትም። እኛ ግን ቃሉን ከመወርወራችን በፊት ቢያንስ ሁለት ነገር እናጣራ። ይህ ሰው በመዞሩ ምን አገኘ? በ1977 የዞሩት መሣሪያ አገኙበት። ወንድማችን ሳቅ ነው ያገኘው። ደግሞስ ድሮ ያለውን «አላልኩም» ይላል ወይስ «ያኔ እንዲህ ብዬ ነበር» ይላል? እሱ ሐሳቡን ሲያቀርብ የጀመረው «ዓምና በዚህ ቦታ ተቃውሜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ» በሚል ነበር። ሳቁ ይህን አስረስቶ ይሆናል እንጂ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል፤ አይተነዋል።

ለእንግሊዝኛችሁም ይጠቅማል። ድርሰት ስትጽፉ የሰው ሐሳብ በተለወጠ ቁጥር «ቮልት-ፋስ» አትጻፉ፤ የምትከሱት ከሆነ ብቻ ጻፉ። ሰውየው አስቦበት ስሜቱ ወይም አመለካከቱ ከተለወጠ «ቼንጅ ኦቭ ሃርት» የሚባል ለዘብ ያለ አባባል አለ። ነገሩን እንደገና ካየው «ሪኮንሲደር» የሚል ግሥ አለ። መምህሩ የሚያርመው ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቃል ፍርድ መስጠታችሁንም ያያል።

ባለፈው ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ከመካከላችን ሁለቱ ወንድሞች ዶርሙ ድረስ ሄድን። ሻይ አፈላልን። አልተቆጣም፤ ፈተና ስለነበረበት ነው ያልመጣሁት አለን፣ እኛም እሺ አልን። ከዚያ ለምን ሐሳቡን እንደቀየረ ጠየቅነው። ትንሽ ዝም አለና «እስካሁን ይህን የጠየቀኝ የለም» አለ። ቀጥሎ ነገረን። ዓምና በእሱ ቱቶሪያል ከተመዘገቡት ፍሬሽ እህቶች ብዙዎቹ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቀርተዋል፤ ጥያቄ መጠየቅ ስላፈሩ ነበር። አንዷ በሴሚስተሩ መጨረሻ በሒሳብ ወድቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የእሱ አገር ልጅ ናት። ክረምት ላይ አባቷን ገበያ ውስጥ አገኛቸው፤ ምንም አልወቀሱትም፣ ስለ ጤናው ብቻ ጠየቁት።

ቱቶሪያሉ በሚቀጥለው ጁምዓ ከዐስር በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ይቀርባል። ሐሳቡን የሚያቀርበው እሱ ነው።